ሐረጎን የወረደችው ሚዛን

ሚዛኗን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያወረድኳት እኔ ነኝ። በእናቴ ጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጫት፣ መኪናው በጎረበጠ ቁጥር በሁለት እጄ ብድግ እያደረግኳት፣ የሐረጎን ቁልቁለት እስክንጨርስ ትንፋሼን ውጬ ወረድኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «አብሽሪ፣ እንቁላል እንደጫንኩ ቆጥሬ ነው የምነዳው» ይለኛል። ጊዜው 1990ዎቹ አጋማሽ ነው። የምሠራበት የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ከፊሉ ዕቃ ደሴ ቀርቶ ከፊሉ ኮምቦልቻ ወደተገኘለት ክፍል እየተዛወረ ነበር። አራት ቁጥር ከነጥብ በኋላ የምታነብ፣ የሚሊግራምን አንድ አሥረኛ የምትለይ ሚዛን ያለችን አንድ ናት። እሷ ከተሰበረች ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን መቀመጣችን ነው።

ከጎኔ ወንበሩ ላይ ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነበር። ደሴ ፒያሳ ላይ ውሃውን ጠጥቼ ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ የዘጋሁት ነው። ኮምቦልቻ ስንገባ ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ፣ የማይታይ እጅ ጨብጦ የያዘው መስሎ አገኘሁት። አየሁት፤ አንስቼ ጣልኩት። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ በከፍታ ግን ስድስት መቶ ሜትር ያህል ይለያያሉ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በክረምት ጉም ትለብሳለች፤ ኮምቦልቻ ከታች ቦርከና ሜዳ ላይ ትሞቃለች። ጠዋት ደሴ ላይ ሹራብ የደረበ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎት ነው የሚታየው። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሁለት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ፣ የወሎ ልጅ ነኝ። ዕውቀቱ ግን ጭኔ ላይ ካለችው ሚዛን ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም።

ያኔ ሥራውን የሚያስተምሩኝ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ ቴክኒሺያን ነበሩ። የመጀመሪያው ትምህርታቸው የውሃ ጠንካራነት ልኬት ነው፤ ሳሙና አልላቀቅ የሚለውን፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራውን ካልሲየምና ማግኒዥየም በቲትሬሽን መለካት። 50 ሚሊ ሊትር ውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ ጠብታ ቀለም ይጨመርበታል፣ የወይን ጠጅ መልክ ይይዛል። ከላይ ከቢዩሬቱ ኢዲቲኤ የሚባለው ፈሳሽ ጠብ ጠብ ሲል ቀዩ እየሳሳ ይሄድና በአንዲት ጠብታ ሰማያዊ ይሆናል። ያቺን ጠብታ መያዝ ነው ሥራው። ከሥሩ ነጭ ወረቀት ያነጥፋሉ፤ በመስኮቱ በኩል ብርሃኑን ጠብቀው፣ እጃቸውን ቧንቧው ላይ አድርገው ይቆማሉ። ታዲያ አንድ ጊዜ ለክቼ ሁለተኛውን ስጀምር፣ የቀደመውን ቁጥር በካርቶን ቁራጭ ሸፈኑብኝ።

«ለምን ይሸፍኑታል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ዓይንሽ ያየውን እጅሽ ያሳድደዋል። አምስቱንም ጨርሺና ነው የምትገልጪው።»

ገለጥኩት። 12.40፣ 12.50፣ 12.45፣ 12.60፣ 12.35 ሚሊ ሊትር። አማካዩ 12.46 ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ ምን ያህል እንደራቀ፣ ርቀቱን በራሱ አባዝተን፣ ደምረን፣ ለአምስት ሳይሆን ለአራት አካፍለን፣ ሥሩን አወጣን፤ 0.096 ሚሊ ሊትር መጣ። ይህ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ነው። ለአራት የምናካፍለው፣ አማካዩን ራሱን ከእነዚሁ አምስት ቁጥሮች ስላወጣነው ነው፤ አራቱን ርቀት ያወቀ ሰው አምስተኛውን ሳይለካ ያውቀዋል። ከዚያ 0.096ን ለ12.46 አካፍለን በመቶ ስናባዛው 0.77 ፐርሰንት ሆነ። ጋሼ አር ኤስ ዲ ይሉታል፤ የመበታተኑ መጠን ከልኬቱ አንጻር።

በመቶኛ መቁጠር ለምን እንደሚያስፈልግ ማንም አላስረዳኝም፤ አላስፈለገኝምም። እናቴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቡና ትነግድ ነበር። ከአንድ ኪሎ በርበሬ ላይ አምስት ግራም ቢጎድል የሚከራከራት የለም፤ ወርቅ ቤት ውስጥ ያው አምስት ግራም ቢጎድል ግን ሰው ፖሊስ ይጠራል። የጎደለው ያው ነው፣ የጎደለበት ነገር ግን ለየቅል። ላቦራቶሪ ውስጥም አንዱን ውጤት ለማግኘት ቁጥሮች ይባዛሉ፣ ይካፈላሉ፤ ያኔ የየአንዳንዳቸውን መዋዠቅ በፐርሰንት ካወጡት እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። ሚሊ ሊትርን ከግራም ጋር መደመር አይቻልም፣ ፐርሰንትን ከፐርሰንት ጋር ግን ይቻላል። ሲደመሩም እንደ ዕቃ አይደመሩም። አንዱ 3 ፐርሰንት፣ ሌላው 4 ፐርሰንት ቢያወዛውዝ ጠቅላላው 7 አይሆንም፣ 5 ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ወገን የሚገፉበት ቀን ጥቂት ስለሆነ በካሬያቸው ይደመሩና ሥራቸው ይወጣል።

እናቴ ለልኬት መዋዠቅ የራሷ መላ ነበራት። ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ ሁልጊዜ ምርቃት ትጨምራለች፤ አንድ ጭብጥ። ልጅ ሳለሁ ለደግነት ይመስለኝ ነበር፣ ደግነትም ነው። በኋላ ግን ስመለከተው ምርቃቱ ሒሳብ ነበር። እጇ ሊያጎድል የሚችለውን ታውቃለች፤ ገዢው ቤቱ ወስዶ ቢሰፍረው እንዳይጎድልበት ያንኑ ያህል ታልፋለች። ዛሬ ላቦራቶሪዎች የውሃ ብክለት ከተፈቀደው ልክ ማለፍ አለማለፉን ሲወስኑ በልኩና በውሳኔው መካከል የሚያስቀምጡት ክፍተት ከዚያች ጭብጥ ብዙም አይርቅብኝም።

ኮምቦልቻ ገብተን ሚዛኗን የእብነ በረድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። እግሮቿን እያዞርኩ የአየር አረፋዋን መሐል ላይ አቆምኩ። አንድ ሰዓት እስክትሞቅ ጠበቅኩ። የመስታወት በሮቿን በጥጥ ጠረግኩ። ያላደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ከአንድ የገጠር ቀበሌ ጉድጓድ የመጣ ውሃ ነበር፤ በውስጡ የሟሟውን ጠጣር መለካት። አሠራሩ ቀላል ነው። ባዶ የሸክላ ሳህን፣ ነጩ ፖርሴሌን፣ ደርቆና ቀዝቅዞ ይመዘናል። 100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ይገባበትና ይተናል፣ በ180 ዲግሪ ይደርቃል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይመዘናል። ልዩነቱ ውሃው ጥሎት የሄደው ነው። ሳህኖቹን ደሴ እያለሁ፣ ከመዛወሩ ሁለት ቀን በፊት መዝኜ፣ ቁጥራቸውን ጽፌ፣ እርጥበት በማያስገባው ጠርሙስ ውስጥ ዘግቼ ነበር ያመጣኋቸው። ጊዜ ያተረፍኩ መስሎኝ ነው። እያንዳንዳቸው 60 ግራም ገደማ ናቸው።

ውጤቱ አማረ። አራቱ ሳህኖች በሊትር 378፣ 381፣ 379፣ 382 ሚሊግራም ሰጡኝ። አማካዩ 380፣ አር ኤስ ዲው 0.48 ፐርሰንት። ግማሽ ፐርሰንት የማይሞላ መበታተን በዚያ ሥራ ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። አማካዩ ራሱ የሚወዛወዝበትን ለማግኘት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን በአራት ሥር፣ ማለትም በሁለት አካፈልኩት፤ 0.9 ሚሊግራም። ይህን ደግሞ በስንት ላባዛው? ብዙ ልኬት ያለው ሰው በ2 አባዝቶ «ከመቶ ዘጠና አምስት ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው» ይላል። አራት ልኬት ብቻ ላለው ግን 2 አይበቃም፣ 3.18 ነው፤ ሁለት ብቻ ለለካማ 12.7 ይሆናል።

እነዚህ ማባዣዎች የሚገኙበትን ሰንጠረዥ ለዓለም የሰጠው የቢራ ሠራተኛ ነው። ዊልያም ጎሴት በደብሊኑ ጊነስ ፋብሪካ የገብስና የብቅል ናሙና እየለካ፣ ሦስትና አራት ልኬት ብቻ ያለው ሰው ምን ያህል መተማመን ይችላል የሚለውን ጥያቄ ሠርቶ በ1908 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ «ስቱደንት» ብሎ ፈረመ፤ ተማሪ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከቢራ ፋብሪካው ወገን ነፋስ ሲነፍስ የተቀቀለ ብቅል ሽታ መስኮታችን ድረስ ይመጣ ነበር፣ እኔም ሰንጠረዡን በከፈትኩ ቁጥር ያ ሽታ ይመጣብኛል። ያን ቀንም 0.9ን በ3.18 አባዝቼ፣ «380 ሲደመር ሲቀነስ 3» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ሪፖርቱ ወጣ።

ጋሼ ከደሴ የመጡት በሳምንቱ ነው። መዝገቡን እያገላበጡ ሲያነቡ አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። የዚያው ውሃ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በሌላ መሣሪያ ተለክቶ 480 ተጽፏል። ሟሟው ጠጣር በልምድ የዚህ ቁጥር ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ነው የሚሆነው፤ 310፣ ቢበዛ 330። «ሦስት መቶ ሰማንያው ከየት መጣ?» አሉኝ።

መሣሪያው ይሆናል ተሳስቶ የሚለካው አልኳቸው። አር ኤስ ዲዬን አሳየኋቸው፤ አራቱ ሳህኖች እንዴት እንደተስማሙ። ዝም ብለው አዩኝና አምስተኛውን ሳህን ጠየቁኝ፤ ከደሴ ከተመዘኑት መካከል ያልተነካ አንድ ቀርቶ ነበር። ምንም ሳይጨመርበት እንዳለ ሚዛኗ ላይ አስቀመጡት።

ባዶው ሳህን ከተመዘገበለት ሰባት ሚሊግራም ከበደ።

እርጥበት ገብቶበት ነው አልኩ። የጠርሙሱ ማድረቂያ ጠጠር ግን ሰማያዊ ነው፤ እርጥበት ቢገባው ሮዝ ይሆን ነበር። ምድጃ ውስጥ ከተን አውጥተን አቀዘቀዝን፤ ያው ሰባት። አቧራ ይሆን ብለን አጥበን አደረቅን፤ ያው። ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ። ንፁሕ ሸክላ፣ ማንም ያልነካው፣ ሰባት ሚሊግራም ከየት ያመጣል?

በማግሥቱ ጋሼ ትንሿን የእንጨት ሳጥን ከፈቱ። ውስጧ የ100 ግራም መመዘኛ ክብደት አለ፣ በመቆንጠጫ እንጂ በእጅ አይነካም። ሚዛኗ ላይ አሳረፉት። በሮቹን ዘጉ። ቁጥሩ ሮጠ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ። 100.0131።

«የት ነው የመጨረሻ ያስተካከልሻት?»

«ደሴ ጋሼ።»

«እዚህ ከመጣች?»

አልመለስኩም። መሬት ዋጥ ብታደርገኝ በወደድኩ። ጋሼ ግን አልተቆጡም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡና የሚዛኗን ነገር ከሥሩ ይነግሩኝ ጀመር። የኤሌክትሪክ ሚዛን የነገሩን መጠነ ቁስ አይለካም፤ ምድር ነገሩን የምትስብበትን ኃይል ነው የሚለካው። ከሥር በኤሌክትሪክ ጉልበት ወደ ላይ ይገፋል፣ ለመግፋት የፈጀውን ያነብና ወደ ግራም ይቀይረዋል። ቅየራውን የተማረው ደሴ ነው። ኮምቦልቻ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ወደ ምድር መሐል ቀርባለች፤ ስበቷ ከደሴ በጥቂቱ፣ በአሥር ሺህ አንድ ወይም ትንሽ ከዚያ በሚበልጥ ይጠነክራል። ያቺ ጥቂት ለ60 ግራም ሳህን ሚሊግራሞች ናት። የአየሩም መወፈር በተቃራኒው ትንሽ ያነሳዋል፣ ስበቱ ግን ይበረታል። ሳህኑ ደሴ ሲመዘን በደሴ ምድር ተሳበ፣ ከደለሉ ጋር ሲመዘን በኮምቦልቻ ምድር። ልዩነቱን በሙሉ ለውሃው ሰጠሁት። 31 ሚሊግራሙ 38 ሆነ፣ 310ሩም 380።

«የእናትሽን ሚዛን ይህ አያገኘውም» አሉኝ። እውነት ነው። ባለ ሁለት ሳህኑ የገበያ ሚዛን በአንድ ወገን በርበሬ፣ በሌላው ድንጋይ ነው። ስበት ቢጠነክር ሁለቱንም እኩል ይጎትታል። እናቴ ሰኞ ደሴ የመዘነችበትን ሚዛን በማግሥቱ ኮምቦልቻ ወስዳ ብትመዝንበት ኪሎዋ ያው ኪሎ ነው።

የእኔዋ ሚዛን ሁለቱንም ጊዜ ደሴ፣ ወይም ሁለቱንም ጊዜ ኮምቦልቻ ብትመዝን ኖሮ ልዩነቱ አይዛባም ነበር። የዋሸው ሁለቱን ያገናኘው መቀነሴ ነው። አር ኤስ ዲዬ ደግሞ ይህን ሊያይ የሚችልበት ዓይን አልነበረውም፤ አራቱም ሳህኖች በአንድነት፣ በአንድ መጠን፣ ወደ አንድ ወገን ስለተገፉ ከአማካያቸው የመራቅ ምልክት አላሳዩም። አማካዩ ራሱ አብሯቸው ሄዷል። ሺህ ጊዜ ደጋግሜ ብለካ ኖሮ በልኬቶቹ ቁጥር ሥር እየተካፈለ «ሲደመር ሲቀነስ» የሚለው እየጠበበ፣ 380 ላይ ይበልጥ እየቆረጥኩ እሄድ ነበር።

በ1993 እ.ኤ.አ. ሰባት ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በጋራ ስማቸው ያወጡት የልኬት መመሪያ አለ፤ ጋሼ የተወሰኑ ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አድርገው፣ ጠርዙ ተበጣጥሶ፣ በመሳቢያቸው ነበራቸው። መመሪያው እርግጠኛ ያልሆንበትን መጠን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ እንደ አር ኤስ ዲው ደጋግሞ በመለካት የሚወጣው ነው። ሌላው ከመደጋገም የማይገኘው ነው፤ ፒፔቱ ላይ ከተጻፈው ስህተት፣ ከመመዘኛው ክብደት ሰርተፊኬት፣ ከሠራተኛው ልምድ፣ ከክፍሉ ሙቀት። ከሁሉ በፊት ደግሞ የታወቀ መዛባት ካለ ይታረማል እንጂ «ሲደመር ሲቀነስ» ውስጥ አይደበቅም። ያን ዕለት የተማርኩት ይኸኛውን ነው። ስህተቱን ካወቅኩ በኋላ «380 ሲደመር ሲቀነስ 70» ብዬ ብጽፍ 310ሩም እዚያ ውስጥ ይገባልኝ ነበር፤ ያ ግን የማውቀውን መደበቅ ነው። ሰባቱን ሚሊግራም ቀንሼ፣ ከዚያ የሰባቱን ራሱን መጠራጠር መጨመር ነበረብኝ፤ የሳህኖቹ ክብደት ስለሚለያይ ሰባቱ ለአንዱ 6.8፣ ለሌላው 7.1 ሊሆን ይችላልና። ጋሼ ግን በወረቀት ማረም ብቻ አልፈቀዱልኝም። ሚዛኗን ኮምቦልቻ ላይ አስተካክለን፣ ሳህኖቹን አጥበን፣ ሥራውን ከመጀመሪያው ደገምነው። 311 ሲደመር ሲቀነስ 8። ከቀድሞው ሦስት ሰፋ፤ ሳየው ግን ደስ አለኝ።

ሪፖርቱ ለደረሳቸው ሰዎች ስልክ ደውዬ የተስተካከለውን ቁጥር ያስነበቡኝም ጋሼ ናቸው፤ ጎኔ ቆመው። ለጉድጓዱ ውሳኔ 380ም 311ም ልዩነት አያመጣም ነበር፣ ሁለቱም የሚጠጣ ውሃ ነው። ማዶ ያሉት ሰውዬም ይህንኑ ነበር ያሉኝ፤ «ምን ቸገረሽ፣ ያም ይህም ጥሩ ነው»። ጋሼ በእጃቸው ቀጥይ አሉኝ፣ እስኪጽፉት ጠበቅኩ።

ከዚያ በኋላ አንድን ውሃ በሁለት ጠርሙስ ከፍለን አንዱን ደሴ አንዱን ኮምቦልቻ መለካት ጀመርን። ሁለት እጅ፣ ሁለት ክፍል፣ ሁለት አየር። መጀመሪያ ላይ አለመስማማታችን አሳፈረን። ኋላ አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልያም ሆርዊትዝ ከበርካታ ላቦራቶሪዎች የተሰበሰበ ውጤት አገላብጦ ያገኘውን ሳነብ ቀለል አለኝ። የሚለካው ነገር እየቀነሰ በሄደ መጠን የላቦራቶሪዎቹ አለመስማማት ይሰፋል፤ ነገሩ መቶ ጊዜ ባነሰ ቁጥር አር ኤስ ዲው እጥፍ ይሆናል። ከመቶ አንድ እጅ ለሆነ ነገር 4 ፐርሰንት ያህል ሲለያዩ፣ ከሚሊዮን አንድ እጅ ለሆነው 16 ፐርሰንት ያህል ይለያያሉ። ሥዕሉ ሲሳል አፉ የሰፋ መለከት ይመስላል። በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን የሚለካ ሰው የመለከቱን ጠባብ ጫፍ ነው የሚያየው። እኛ ደግሞ በሐረጎ ዳገት ላይ አፉን አየነው፤ ናሙና የተሸከመው ሹፌርም ከጊዜ በኋላ «ዛሬስ ተስማማችሁ?» እያለ መጠየቅ ጀመረ።

ጋሼ ጡረታ ወጡ፤ እኔም ሥራ ለውጬ አዲስ አበባ ገባሁ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። እናቴን ስናፈላልግ ስለ ሚዛን ያሰበ ሰው የለም። ከወራት በኋላ ስሄድ ያ ክፍል ባዶ ነበር። የእብነ በረዱ ጠረጴዛ ለመንቀል ከብዶ ቀርቷል፤ አራቱ የሚዛኗ እግሮች ያረፉባቸው ክቦች ላዩ ላይ ነጣ ብለው ይታያሉ። መስኮቱ የለም። ብቅሉ ግን አይሸትም ነበር።

መዝገቦቹ ወለሉ ላይ ተበትነው አገኘኋቸው። አንዱን አንስቼ አቧራውን በእጄ ጠረግኩለት። ያኔ ሰባቱ ሚሊግራም ከመጡ በኋላ ጋሼ በየገጹ በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨምረው፣ ከላዩ «የት?» ብለው ጽፈውበት ነበር። እኔ ከወጣሁ በኋላ በታተሙት አዲሶቹ መዝገቦች ላይ ዓምዱ በማተሚያ ገብቷል። የመጨረሻው የተጻፈበት ገጽ ላይ የማላውቀው የወጣት እጅ ጽሑፍ አለ፤ አምስት ሳህን፣ አምስት ቁጥር፣ በትይዩው በየረድፉ፣ ድገም ምልክት ሳይጠቀም፣ አምስት ጊዜ ተጽፏል፦ «ኮምቦልቻ፣ ጠዋት፣ 100 ግራሙ ከታየ በኋላ»።